ለስላሳው መርፌ

እታለም ማን እንደሆነች አጥርቶ የሚናገር ሰው ቢፈለግ አይገኝም። ይህን የሚጽፈው ሰውም ከማንም የተሻለ አያውቃትም። የቤቱ ነርስ ሲስተር ግን ልታውቃት ይገባ ነበር፤ ዓመታት ሙሉ በአንድ ኮሪደር ሲመላለሱ፣ ከአንድ ቴርሞስ ሻይ ሲቀዱ ኖረዋል። ሆኖም «እታለምን አውቃታለሁ» ለማለት አፏን ሞልታ አትደፍርም።

የምታውቀው የእጇን ሥራ ነው። አንሶላ ስታነጥፍ ማዕዘኑን እንደ ፖስታ አጥፋ ፍራሹ ሥር ትሸጉጠዋለች። ማን ሻዩን በስኳር፣ ማን ያለ ስኳር እንደሚጠጣ በቃሏ ታውቃለች። የማንንም ክፍል ሳታንኳኳ አትገባም፤ ጆሯቸው ጨርሶ የማይሰማ ሽማግሌ በር ላይ እንኳ በአንድ ጣቷ ኳ ኳ ታደርጋለች። ሲስተር አንድ ቀን፣ እሳቸው እንደሆነ አይሰሙሽ፣ ለማን ነው የምታንኳኪው ብላ ቀልዳባት ነበር። «እኔ እሰማዋለሁ» አለች እታለም፣ ሳትስቅ።

ባል ይኑራት፣ ልጅ ይኑራት፣ ከየት ትምጣ፣ ማንም አያውቅም። የሚጠይቃት ሰው ሲገኝ «እሱን ተዪው» ወይም «እሱን ተወው» ትልና ትሪዋን ይዛ ትሄዳለች። ክፉ አይደለችም፤ በቃ መልሷ ያ ነው። ስሙንም ያወጡላት አንዲት እዚያ ቤት ኖረው የሞቱ አሮጊት ናቸው ይባላል። ከዚያ በኋላ ሁሉም እታለም ማለት ጀመረ። ሰማንያ ያለፋቸው ሽማግሌ «እታለም፣ ካልሲዬ የት ገባ?» ሲሉ የሰማ እንግዳ፣ ከሳቸው የምትበልጠዋ እህታቸው ወዴት አለች ብሎ ዞር ዞር ይላል።

ቤቱ የአረጋውያን መኖሪያ ነው። በኮሪደሩ ግራና ቀኝ የእጅ መደገፊያ ብረት ተዘርግቷል፤ ብረቱ በመዳፍ ብዛት ቀለሙ ለቆ ያብረቀርቃል። ሳሎኑ ውስጥ ድምፁ ሁልጊዜ ከልክ ያለፈ ቴሌቪዥን አለ። የሲስተር ክፍል ከደረጃው ሥር ነው፤ አንድ አልጋ፣ አንድ ሚዛን፣ የመድኃኒት ቁም ሣጥን፣ እና «ምግብ ማስገባት ክልክል ነው» የሚል ወረቀት የተለጠፈበት ፍሪጅ። ወረቀቱ የተለጠፈው ዘበኛው አንድ ጊዜ ግማሽ ሐብሐብ ከክትባቶቹ አጠገብ አስቀምጦ ከተገኘ ወዲህ ነው።

ብርድ ሲመጣ ሲስተር እንቅልፍ አይወስዳትም። የወጣቱ ጉንፋን ለሽማግሌ ሌላ ነገር ነው፤ ወጣቱን ሦስት ቀን አስተኝቶ የሚሄደው ኢንፍሉዌንዛ አረጋዊውን ወደ ሳንባው ወርዶ ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ በየዓመቱ ሁሉንም ትከትባለች። ከሁለት ክረምት በፊትም ከትባ ነበር፤ በየክፍሉ እየዞረች፣ ይቺን ከተወጋችሁ አትፍሩ ብላ ነበር። ጉንፋኑ ግን መጣ። የቴሌቪዥኑን ካርታ ሳይቀር ሲያርሙ የሚውሉትን የጂኦግራፊ መምህር ወሰደ። የመጨረሻዋን ክፍል ሴትዮም ወሰደ። ማንም ሲስተርን አልወቀሳትም፤ ያ ባሰባት። ቢወቅሷት መልስ ትሰጥ ነበር።

ከቀብር መልስ የተናገሯት እማማ ስልክ ብቻ ናቸው። እማማ ስልክ በወጣትነታቸው የስልክ ኦፕሬተር ነበሩ፤ መናገር ያልፈለጉ ዕለት «መስመሩ ተይዟል» ይላሉ፣ መናገር የፈለጉ ዕለት ግን መስመሩን የሚቆርጥ የለም። «ልጄ፣ ያንቺ መርፌ እንደ ዘበኛችን ነው፤ በር ላይ አለ፣ ግን ይተኛል» አሏት።

ነገሩ ቀልድ ቢሆንም እውነት ነበረበት። ሲስተር በኋላ ሥልጠና ላይ እንደተማረችው፣ ክትባት ብቻውን በሽታ አይገድልም፤ ሰውነትን ቀስቅሶ «ጠላት መጣ» የሚል ነው። ያረጀ ሰውነት ደግሞ እንደ ደከመ ዘበኛ ነው፤ በቀስታ ሲያንኳኩለት አይነቃም። ለዚህ ሲባል መጠኑ ከፍ ያለ፣ ለአረጋውያን ብቻ የተዘጋጀ ክትባት አለ። እሱ ጠንከር አድርጎ ያንኳኳል። ክንድ ያሳምማል፣ አንዳንዱንም ያተኩሰዋል፤ ግን የተኛውን ይቀሰቅሳል።

ይህን ከሰማችበት ቀን ጀምሮ ሲስተር ለጤና ቢሮው ሰላም አልሰጠችውም። ቢሮው ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። አንዴ በጀቱ አልቋል፣ አንዴ የሚመለከተው ሰው ስብሰባ ላይ ነው፣ አንዴ ደግሞ ለሚቀጥለው ዓመት ይታያል። ወንበሩ የተቀደደ መጠበቂያ ክፍል ውስጥ ጉልበቷን አቅፋ ስትጠብቅ ትውላለች። የክትባት ክፍሉ ሰውዬ ፊቷን ሲያይ ገና ይደክመዋል። ክትባት ክትባት ነው፣ ምን ያማርጣል፣ የተሰጣችሁን ብትወጉ ምን አለበት ይላታል። ስለ ደከመው ዘበኛ ደጋግማ አስረዳችው። ለመኖሪያው ሥራ አስኪያጅም አስረዳች። ለአረጋውያኑ ልጆችም፣ ለሾፌሩም፣ ለገዛ ባሏም አስረዳች፤ ባሏ በመጨረሻ፣ ዘበኛው ይንቃ አይንቃ አላውቅም እኔ ግን ልተኛ አላት።

ሁለት ዓመት ውሃ ስትወቅጥ ከርማ፣ ዘንድሮ ተሳካላት። ሁለት ዓይነት ካርቶን መጣ። ሐምራዊ መስመር ያለው ጠንካራው፣ ለአረጋውያኑ። ሰማያዊ መስመር ያለው የተለመደው፣ ለሠራተኞቹ፤ ሠራተኛው ጉንፋኑን ከታክሲ ተሸክሞ እንዳያመጣባቸው። ሲስተር ካርቶኖቹን ፍሪጅ ውስጥ በእጇ ደረደረቻቸው። ያን ቀን ኮሪደሩ ውስጥ ስታንጎራጉር ተሰምታለች፤ ዘበኛው ደመወዝ ተጨመረ እንዴ ብሎ ጠይቋል።

በዚያው ዓመት የሲስተር አባትም በቤቱ ይኖሩ ነበር። እናቷ ከሞቱ በኋላ ብቻቸውን መኖር ሲያቅታቸው አመጣቻቸው። ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ እጃቸው እየተንቀጠቀጠም ቢሆን ሜትራቸው ከአንገታቸው ወርዶ አያውቅም። እማማ ስልክ «አባ ሜትር» አሏቸውና በዚያው ቀረ። አባ ሜትር ልጃቸው የቤቱ ነርስ በመሆኗ ራሳቸውን እንደ ምክትል ሥራ አስኪያጅ ይቆጥራሉ። ወጥ ቤት ገብተው ሾርባ ይቀምሳሉ፤ ዘበኛውን ቁልፍህ ላልቷል ይሉታል፤ በየነገሩ «ልጄ እንዲህ ነው የምትለው» ይላሉ። ልጃቸው እንዲያ ብላ አታውቅም። ሲስተር ይህን በጆሮዋ ሰምታ ስቃ አልፋዋለች፤ ሽማግሌ ናቸው፣ ምን ይጎዳል ብላ።

ሳሎን ውስጥ አባ ሜትርና እማማ ስልክ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ቀኑን ሙሉ በቴሌቪዥኑ ሪሞት ይጨቃጨቃሉ፤ አንዳቸው ካልመጡ ግን ሌላኛው ሰዓት ያያሉ።

ክትባቱ የተጀመረ ጠዋት ሲስተር አባቷን አስቀደመች። ሌሎቹ ሲያመነቱ አይታ ነው፤ በራሴ ቤት ብጀምር ያምኑኛል ብላ። አባ ሜትር እጅጌያቸውን ጠቅልለው፣ መርፌ የኔ ሙያ ነው፣ መርፌ ያስፈራኛል እንዴ አሉ። ከሳቸው በኋላ ጥቂት ወንዶች ተከተሉ። እማማ ስልክ ግን ከልጅነታቸው ጀምሮ መርፌ ይፈራሉ፤ ፊታቸው ነጭቶ «ዛሬ መስመሩ ተይዟል፣ ነገ ደውዪ» አሉና ሻላቸውን ክንዳቸው ላይ ጠመጠሙ።

የነገው ቀን ለሲስተር አልመጣም። ከጠዋት ጀምሮ ሆዷን ሲቆርጣት ችላ ኖሮ፣ ከምሳ በኋላ ሚዛኑ አጠገብ ተጣጥፋ ወደቀች። ትርፍ አንጀት ነበር። ሳይፈነዳ አልደረሱበትም፤ ቀዶ ጥገናው ሌላ ጣጣ አስከተለ፣ ሆስፒታል ሰነበተች። ከአልጋዋ ሆና ለእታለም ደወለች። እታለም በረዳት ነርስነት የሠለጠነች ናት፤ እጇም ለመርፌ የተመሰገነ ነው። የቀሩትን ጨርሺ፣ ሠራተኞቹንም ውጊ፣ ማንም እንዳይቀር አለቻት። እታለምም እሺ፣ አንቺ ብቻ ዳኚ አለች። ስለ ሐምራዊና ሰማያዊው አላወሩም። ሲስተር ይህን ለስንት ሰው ስታስረዳ የከረመች ስለሆነ፣ ዓለም ሁሉ ያወቀው መስሏት ነበር።

ወደ ሥራ በተመለሰች ቀን አረጋውያኑ በምርቃት አጣደፏት። ምርቃቱ ግን ሁሉም አንድ ዓይነት ነበር። ዘንድሮ ያመጣሽልን መርፌ እንዴት ያለ ነው፣ ትንኝ እንኳ ከሱ ትብሳለች፣ እጅሽ ይባረክ፣ የእታለምም እጅ ይባረክ። እማማ ስልክ ክንዳቸውን ገልጠው አሳዩዋት። «መወጋቴን በዓይኔ ባላይ ኖሮ፣ አልተወጋሁም ብዬ እምልልሽ ነበር» አሉ።

ሲስተር ፈገግ ብላ አለፈች። ደረጃው ጋ ስትደርስ ግን ፈገግታዋ ፊቷ ላይ ደረቀ። ጠንካራው መርፌ እንዲህ አይደለም።

ዘበኛው በር ላይ ጠበቃት። ሲስተር፣ በምን አስቀየምኩሽ አላት፤ በቅሎ የረገጠችው መስሎት ሁለት ቀን በሩን በግራ እጁ ሲከፍት መሰንበቱን ነገራት። ወጥ ቤቷ ደግሞ አተኩሷት ሾርባውን አሳርራ ነበር። ሲስተር ከዚያ በላይ መስማት አላስፈለጋትም። ፍሪጁን ከፈተች። ሐምራዊው አልቋል። ከሰማያዊው ጥቂት ተርፏል።

እታለምን ያገኘቻት አንሶላ ክፍል ውስጥ፣ የደረቁትን ስታጣጥፍ ነው። በሩን ዘጋችው።

ጠንካራውን ለማን ነው የሰጠሽው ብላ ጠየቀቻት። እታለም ሳትደነግጥ፣ ለጠንካሮቹ አለች። ለዘበኛው፣ ለወጥ ቤቷ፣ ለሾፌሩ፣ ለጽዳቶቹ። ለሽማግሌዎቹ ለስላሳውን። የመጀመሪያው ጠዋት የተወጉት ክንዳቸውን ይዘው ሲያቃስቱ አድረው ነበር፤ አንጀቴን በሉት አለች። ከዚያ ቆም ብላ፣ የራሷ ያልሆነ ነገር እንደምትደግም ሰው፣ «ለቀጭን ትከሻ ወፍራም ካፖርት አይሰፋም» አለች።

ሲስተር የተናገረችውን ሁሉ በኋላ ማስታወስ አልፈለገችም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት አንቺ ነሽ አለቻት። ሁለት ዓመት በየቢሮው የለመንኩትን ለበረኛና ለሾፌር በተንሽው፤ የሚሞቱት እነሱ ናቸው ወይስ እነዚህ አለቻት። አንጀትሽን በሉት እንጂ አንጎልሽን ማን በላው አለቻት። ይህቺን የመጨረሻዋን ስትናገር ድምፅዋ ኮሪደሩ ድረስ ወጥቷል።

እታለም የያዘችውን አንሶላ አጥፋ ጨረሰች። ማዕዘኑን ከማዕዘኑ አገጣጠመች። «አጥፍቻለሁ» አለች።

ያ መልስ ሲስተርን ይበልጥ አበገናት። ተከራክራት ቢሆን ይሻላት ነበር። ክፍሏ ገብታ ከተቀመጠች በኋላ ግን አንድ ነገር ትዝ አላት። ስለ ደከመው ዘበኛ ለቢሮው ሰውዬ ነግራለች፣ ለሥራ አስኪያጁ ነግራለች፣ ለባሏ ነግራለች። መርፌውን በእጇ ለምትይዘው ሴት አልነገረችም። እታለም አንሶላ ታነጥፋለች፣ እታለም ጥፍር ትቆርጣለች፣ እታለም ምን ትጠይቃለች? ሲስተር ይህን አሰበችና ቶሎ ብላ ተወችው። የተናደደ ሰው እንዲህ ያለ ሐሳብ አይመቸውም።

ጤና ቢሮ ሄደች፤ የተሰፋው ሆዷ ገና አልጠናም። የክትባት ክፍሉ ሰውዬ ሰምቶ ሲያበቃ፣ ተወግተዋል አይደል እንዴ አለ። ተወግተዋል፣ ግን በጠንካራው ፈንታ በተለመደው አለች። ባዶ ውሃ አይደለም፣ እሱም ይከላከላል አለ። ይከላከላል፣ ለነሱ ዕድሜ ግን ያንሳል አለች። ሰውዬው ሁለቴ ይወጋ የሚል መመሪያ የለኝም፣ ሐምራዊውም ለዘንድሮ አልቋል አለና እስክሪብቶውን ከደነው። ቀጥሎም፣ ያኔ ክትባት ክትባት ነው ስልሽ ብትሰሚኝ ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር አላት። ሲስተር ከዚያ ክፍል ምን ብላ እንደወጣች አታስታውስም፤ በሩን ግን በደንብ አስታውሳ ነው ወርውራ የዘጋችው።

ሥራ አስኪያጁም ዝም እንበል አለ። ቤተሰቦች ከሰሙ ያልሆነውን ሁሉ ያወራሉ፣ ጉንፋኑም ዘንድሮ ላይመጣ ይችላል። ሲስተር ግን ለአረጋውያኑ ነገረቻቸው፤ መዋሸት አልቻለችም። ሳሎን ውስጥ ቆማ፣ ቴሌቪዥኑን ዘግታ፣ ስሕተት ተፈጥሯል፣ ከመጀመሪያው ጠዋት በኋላ የተወጋችሁት የሠራተኞቹን ነው፣ ስለዚህ ከወትሮው ይበልጥ እንጠንቀቅ አለች። ማን እንዳጠፋ አልተናገረችም። አላስፈለገም፤ አንሶላ ክፍሉ ግድግዳ ቀጭን ነው።

ነገሩ የዞረው ግን ወደ እታለም አልነበረም። በማግስቱ ጠዋት የመጀመሪያው ቀን የተወጉት እነማን እንደነበሩ ተቆጠረና፣ የሲስተር አባት ከፊት ተገኙ። ደጉን ለአባቷ፣ ትራፊውን ለኛ፣ ተባለ። እማማ ስልክ ፊት ለፊቷ አሉት። «ሲስተር፣ አባትሽን ካፖርት አልብሰሽ፣ እኛን በሸሚዝ ብርድ ላይ አወጣሽን።» ሊያስቁ ነው ያሉት፤ የሳቀ ግን አልነበረም።

አባ ሜትር ነገሩ አልገባቸውም፤ ሊገባቸውም አልፈለጉ። እንዲያውም የተበደልኩት እኔ ነኝ ባይ ናቸው። «እኔ ክንዴ አብጦ ሳምንት ስሰቃይ፣ አንቺ ሐር ለበስሽ። ምን ያስለቅስሻል?» አሏቸው እማማ ስልክን። ሲስተር ልታስረዳቸው ሞከረች፤ ማሳመም ጥሩነቱ ነው አለቻቸው። አባቷ ሜትራቸውን እያጠነጠኑ፣ ስልሳ ዓመት ሰፍቻለሁ፣ የሚያሳምም ልብስ ጥሩ ልብስ ነው ያለኝ ደንበኛ የለም አሉ። ተወቻቸው።

የቀራት አንድ ነገር ነበር። ሽማግሌዎቹ የለበሱት ስስ ከሆነ፣ ብርዱን በር ላይ ማስቀረት። ሠራተኞቹ ተከትበዋል፣ ያውም በጠንካራው፤ እነሱን አጥር ማድረግ ይቻላል። የሚያስለው ወደ ቤቱ ይሂድ፣ ገቢው ሁሉ እጁን ይታጠብ፣ መስኮት ይከፈት፣ ጠያቂ ካመመው አይግባ። በየቀኑ ጠብ ሆነ። አረጋውያኑ በመስኮቱ ብርድ ያማርራሉ፤ ሲስተር ዞር ስትል ይዘጉታል። ልጆቻቸው እናቴን እንዳላይ ነው ወይ ብለው ይጮኹባታል፤ ቀርቶ ቀርቶ በዓመት አንዴ የሚመጣው ሁሉ በዚያ ሰሞን ናፍቆት ይዞት መጣ። አንዱ እያሳለ መጥቶ፣ ጉሮሮዬን ስለከረከረኝ ነው ብሎ ሲከራከር፣ ዘበኛው፣ ጌታው፣ ጉሮሮህን እዚህ አስቀምጠህ ግባ አለው።

ከዘበኛው ይልቅ በር ላይ የማትታለፈው ግን እታለም ሆነች። ጨርሶ ወደ ቤቷ መሄድ ተወች፤ ከአውቶቡስ ይዤው እንዳልመጣ ብላ አንሶላ ክፍሉ ውስጥ ፍራሽ ዘረጋች። የሚጠብቃት ሰው ይኑር አይኑር የጠየቃት የለም። ሲስተር ከሥራ ነገር በስተቀር አታናግራትም ነበር። «ሙቀት ለኪ»፣ «ለካሁ»፣ «ስንት ነው»፣ በቃ።

ጉንፋኑ እንዲህም ሆኖ ገባ። በማን እንደገባ አይታወቅም። የተወሰኑት ሳሉ፣ ተኙ፣ ተነሡ። እማማ ስልክ ግን ሳይነሡ ቀሩ። መጀመሪያ ሪሞቱን ለአባ ሜትር ያለ ጭቅጭቅ ለቀቁላቸው፤ አባ ሜትር በዚያ ነው የደነገጡት። ወዲያው ትኩሳቱ ወጣ፣ እስትንፋሳቸው አጠረ። ሲስተር መድኃኒቱን በጊዜ አስጀመረቻቸው፤ ሆስፒታልም ገቡ። በየቀኑ ትደውላለች። ያ ሐምራዊ መስመር ያለው ካርቶን ዓይኗ ላይ ይመጣባታል። እሱን ተወግተው ቢሆን ኖሮ ላይታመሙ ይችሉ ነበር፤ ወይም ያው ይታመሙ ነበር፣ ማን ያውቃል። አለማወቁ ነው የሚያቃጥለው። ለተሳሳተው መርፌ የሚናደዱበት ሰው አለ፤ በ«ምናልባት» ላይ ግን ማን ይናደዳል? ስለዚህ እታለም ላይ ተናደደች፤ ቅርብ የነበረችው እሷ ናት።

እማማ ስልክ ተርፈው ተመለሱ። ግን ሄደው የመጡት ሴትዮ ሌላ ናቸው። በእግራቸው የወጡበትን ኮሪደር በተሽከርካሪ ወንበር ገቡበት። ትከሻቸው ከመክሳቱ የተነሣ ወፍራም ካፖርታቸው እንደ ተሰቀለ ልብስ ይወዛወዝባቸዋል። ድምፃቸው ወደ ሹክሹክታ ወርዷል፤ ሲስተር እንዴት ነዎት ስትላቸው፣ መስመሩ ይንኮሻኮሻል አሉ። ጥቂት ቆይተው ደግሞ፣ አልተቆረጠም ግን፣ አሉ።

አባ ሜትር የዚያኑ ዕለት መርፌያቸውን አወጡ። ካፖርቱን ተቀብለው፣ ሳሎን መስኮት ሥር ተቀምጠው፣ በሚንቀጠቀጥ እጃቸው ስፌቱን መፍታት ጀመሩ። ሲስተር አጠገባቸው ቆመች። ምን ሊያደርጉት ነው አባዬ አለች። ገበሩን ላወጣው ነው፣ ከብዷታል አሉ።

«ይበርዳቸዋል እኮ።»

«ስሚኝ ልጄ» አሉ አባቷ፣ ክሩን በጥርሳቸው እየበጠሱ፤ «ለቀጭን ትከሻ ወፍራም ካፖርት አይሰፋም። ሸክም ነው የሚሆነው። ይህን እኔ ለስንቱ ተናግሬዋለሁ።»

ሲስተር ይህን ቃል አንሶላ ክፍሉ ውስጥ፣ ከእታለም አፍ ሰምታዋለች።

አባቷ አላዩዋትም። ሜትሩን ከአንገታቸው አውርደው ወደ ተሽከርካሪው ወንበር ዞረዋል። የእማማ ስልክን ክንድ፣ እንደ እንቁላል፣ በሁለት ጣታቸው አንሥተው ይለካሉ። ያቺው ሻላቸውን የጠመጠሙባት ክንድ ናት። እማማ ስልክ ዓይናቸውን ጨፍነው ይስቃሉ። ሲስተር አባቷን ልትጠይቅ ነበር። ያችን ክንድ እንደያዙ ምን ብላ ትጠይቃቸው?

ወደ አንሶላ ክፍሉ ሄደች። እታለም ቴርሞሱን ከፍታ ለሳሎኑ ሻይ ትቀዳ ነበር። አንዱን በስኳር፣ አንዱን ያለ ስኳር። ፍራሿ ተጠቅልሎ ጥግ ቆሟል። ሲስተር በሩን ከኋላዋ ልትዘጋ አሰበችና ተወችው።

ያን ቀን የተናገረቻትን ቃል አንድ በአንድ ታስታውሰዋለች፤ አሁን ይቅርታ ማለት ፈልጋ ነበር የመጣችው፣ ግን ከይቅርታው በፊት የወጣው ሌላ ነው።

«እታለም፣ ለስላሳውን ለሽማግሌዎቹ ስጪ ያሉሽ አባቴ ናቸው? ልጄ እንዲህ ነው የምትለው ብለው ነው?»

እታለም የስኳሩን ዕቃ ከደነች። ክፍት ከሆነው በር ባሻገር፣ ከኮሪደሩ ማዶ፣ አባ ሜትር ተንበርክከው የካፖርቱን ጫፍ በስፒል ሲይዙ ይታያሉ፤ እማማ ስልክ ደግሞ ከላይ ሆነው በሹክሹክታ ያዟቸዋል።

«እሱን ተዪው» አለች።

ትሪውን አንሥታ ወጣች። ሳሎኑ ጋ ስትደርስ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ ነበር። ትሪውን በአንድ እጇ ደግፋ፣ በአንድ ጣቷ አንኳኳችና ገባች።